እታለም የደለዘችው በርበሬ

ትናንት ተከራዬ በረንዳው ላይ በርበሬ ስታምስ ልጆቿ እያስነጠሱ በሳቅ ሲንከተከቱ ሰምቼ መስኮቴን ዘጋሁ፤ ጭሱ ግን በበሩ ስር ሾልኮ ገብቶ ጉሮሮዬን ሲከረክረው፣ በንጉሡ ዘመን ቡሬ አጠገብ ወደነበረው የሣር ክዳን ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

ያገራችን በርበሬ ኃይለኛነቱ የታወቀ ነው። ኅዳር አልቆ ዛላው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ እናቴ ለድለዛው እንደ ዘማች ትሰናዳ ነበር፤ እጇን እስከ ክንዷ ለጋ ቅቤ ትቀባለች፣ አፍንጫዋን በረጠበ ነጠላ ትሸፍናለች፣ ሙቀጫውን ነፋሱ ከጀርባዋ እንዲመጣ አድርጋ ታስቀምጣለች፣ ብናኙ እንዳይነሣም ዛላው ላይ ጥቂት ውሃ ታርከፈክፋለች። ዛላውን ስንቀነጥስላት እኛንም "ዓይናችሁን እንዳትነኩ!" ትለናለች፤ እኔ በየዓመቱ ነክቼ በየዓመቱ አለቅስ ነበር። ነብር አልፈራም ባዩ አባቴ እንኳ የመጀመሪያውን የዘነዘና ድምፅ ሲሰማ ጋቢውን አፍንጫው ላይ ጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሸሻል።

ለታላቅ እኅቴ ለይታይሽ፣ እኔ እታለም ለምላት፣ ይህ ሁሉ መላ አልሠራላትም። ብናኙ ገና ሲሸታት ደረቷ እንደ ወናፍ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። አስም መሆኑን ያወቅሁት ካረጀሁ ወዲህ ነው። ስለዚህ በድለዛ ቀን ሁለታችን ልብስ ልናጥብ ወደ ወንዝ እንላካለን። ምክንያቱን መንደሩ እንዲያውቅ እናቴ አትሻም፤ በርበሬ የማትደልዝ ልጃገረድ ማን ያገባታል?

በታጨች ዓመት የወደፊት አማቷ፣ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ካለው መንደራቸው ለቡሬ ገበያ መጥተው ኖሮ፣ ሳናስበው ቤታችን ገቡ። ዛላው ተቀንጥሶ ሙቀጫው ቀርቦ ነበር፤ እኛ ግን ገና ወደ ወንዝ አልወረድንም።

"እስቲ የልጄን ክንድ ልየው" አሉ እየሳቁ።

እናቴ አመነታች። እታለም ግን ተነሥታ አፍንጫዋን ቅቤ ቀባች፤ ትንፋሿን ውጣ መውቀጥ ጀመረች። ጥቂት እንደ ደለዘች ሳሉ አፈናትና ዘነዘናውን ተደግፋ ቀረች።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። "አንች፣ እኅትሽን ያማታል ወይ?"

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ። ለሠርጉ ቀይ ቀሚስ ሊሰፋልኝ ነበር።

"የለም እሜቴ፣ ጉንፋን ነው። ውርጭ መትቷት ነው" አልሁ።

"እግዜር ይማራት" አሉና ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ጥር ላይ ተዳረች። ቀይ ቀሚሴን ለብሼ እስኪያልበኝ ጨፈርሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በድለዛ ሰሞን፣ መርዶ መጣ። ከሙቀጫው አጠገብ ወድቃ አልተነሣችም አሉን። ለልቅሶ ስንሄድ አማቷ ደረታቸውን እየደቁ እናቴ እግር ላይ ወደቁ።

"ምነው ብትነግሩኝ! ልጄ አልነበረችም ወይ? እኔው እደልዘው አልነበረም ወይ?"

 እኔ ከለቀስተኛው መሃል ተሸሸግሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ አማቷ ቤታችን የገቡበትን ቀን አንሥተን ተነጋግረን አናውቅም።

እታለም ፎቶግራፍ አልተነሣችም። ያወቋት ሁሉ አልቀው መልኳ የቀረው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ እኔም ልይዘው ስሞክር አንድ ዓመት ቅንድቧ፣ አንድ ዓመት አገጯ እየጠፋኝ ሄዶ፣ ዘንድሮ ድምጿም ጠፋኝ።