የማይሄደው ባቡር አስተናጋጅ

ከተማው ውስጥ ሰዉ መብላት ብቻ አልበቃው ካለ ሰንብቷል። አንዱ ምግብ ቤት እንግዶቹን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ያበላል፤ ሹካው አፍ ማግኘቱ ወይ አፍንጫ፣ የበላተኛው ዕድል ነው። ሌላው ገበታውን በክሬን ሰማይ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሰዉን እንደ ሕፃን በቀበቶ አስሮ ሾርባ ያቀርባል። የእስረኛ ልብስ አልብሶ በቆርቆሮ ሳህን የሚያበላም አለ፤ እዚያ ለመታሰር ሦስት ሳምንት ወረፋ ይጠበቃል። ጋሽ ፉርጎ ይህን ሲሰማ «ጥጋብ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። በስድሳ አንድ ዓመቱ ራሱ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ እቀጠራለሁ ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም።

ፉርጎ የሚለውን ስም ያወጡለት የባቡር ጣቢያ ሰዎች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በባቡር የምግብ ፉርጎ ውስጥ አስተናግዷል። ከዚያ ብዛት መሬት ላይ ሲሄድ እንኳ እግሩን ፈርከክ፣ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርግ ነበር። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ሳሎኑ አይነቃነቅም፤ ቀጥ ብለህ ሂድ» እያለች ትስቅበታለች።

ሳቁ የቀረው ከአደጋው ወዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ዝናብ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር በልቶት ኖሮ፣ ባቡሩ ከድልድዩ ሳይደርስ መስመሩን ስቶ ወደቀ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የምግብ ፉርጎው አብሳይ፣ የጋሽ ፉርጎ የሥራ ባልደረባና የልብ ወዳጅ የነበረው ቀጮ ነው። ቀጮ ምግብ ሲሠራ የሚውል፣ ግን ሥጋ የሚባል ያልዞረበት ሰው ነበር። «ቀጭን አብሳይ አትመኑ ይላሉ፤ እኔን ግን እመኑኝ፣ ሁሉን ለእናንተ ትቼ ነው» ይል ነበር። መስመሩ ከዚያ በኋላ ተዘጋ። ጋሽ ፉርጎም ቤት ውሎ፣ መስኮት ሥር ወንበር አስጠግቶ አላፊ አግዳሚውን መቁጠር ሥራው ሆነ።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ሴት ቤቱ ድረስ የመጣችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ፈጣን፣ አንደበተ ትሑት ናት። ከተዘጋው መስመር አንድ አሮጌ የምግብ ፉርጎ ገዝታ፣ ሥራ ያቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ አስገብታዋለች። በመስኮቶቹ ምትክ ስክሪን አስገጥማለች፤ ተራራው፣ ባሕሩ፣ የስንዴው ማሳ በየተራ ያልፋል። ከወለሉ ሥር ያለ ሞተር ፉርጎውን ያንቀጠቅጠዋል። እንግዳው ሲገባ ከማንጠልጠያው የድሮ ካፖርትና ባርኔጣ መርጦ ይለብሳል፤ ቲኬቱ ይበሳል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ከዚያም የትም ሳይደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየበላ ይጓዛል።

«ተዋናይ ሞልቶኛል ጋሼ» አለችው። «ትሪ ይዞ በሚነቃነቅ ወለል ላይ መሄድ የሚችል ነው ያጣሁት።»

መስመሩን ስላዘጋው አደጋ ስትጠይቀው «እሱን ይተዉት» አላት። «ልጅዎ እሆናለሁ፤ አንቺ ይበሉኝ» አለችና ተወችው።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ፉርጎው ሲገባ የጠረጴዛዎቹን የናስ ጠርዝ አንድ በአንድ በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ሳቁ መጣ።

«ይኼ ወንፊት እንጂ ባቡር አይደለም» አለ። «ባቡር ወደ ላይና ወደ ታች አይነፋም። እንደ ሕፃን አልጋ ወደ ጎንና ወደ ጎን ነው የሚወዘውዘው።»

መካኒኮች ተጠርተው አስተካከሉት። በየማዕዘኑ የሚረጨውን የከሰል ሽታ እንዲያስቀሩ ሲጠይቃቸው ግን እምቢ አሉት። «ባቡራችን በናፍጣ ነበር የሚሄደው» ቢላቸው «እንግዶች ከሰል ነው የሚወዱት» አሉት።

አምስት ወር ያህል ደኅና ነበር። ጋሽ ፉርጎ ነጭ ኮቱን በካውያ አስተኩሶ፣ ጫማውን እንደ መስተዋት አብርቶ ይወጣል። ሾርባውን ጠብ ሳያደርግ ሲያሳልፍ ወጣቶቹ አስተናጋጆች ቆመው ያዩታል። ሚስቱም ማታ ማታ «ዛሬስ የት ደረሳችሁ?» ትለው ጀመር።

ከዚያ እንግዳው ሳሳ። ማዶ ሰፈር መርከብ የሚመስል ምግብ ቤት ተከፍቶ፣ ማዕበል እያስነሣ በላተኛውን በውኃ ያርሳል፤ ሰዉ ሁሉ ለመርጠብ ሄደ። ሴትዮዋ አንድ ጠዋት ሠራተኞቿን ሰበሰበች።

«የእኛ ጉዞ ሰላም ነው» አለች። «ሰላም ደግሞ አይወራም። አንድ ድንገተኛ ነገር ያስፈልገናል።»

እቅዷን አስረዳች። ዋናው ምግብ እንደተበላ ብረት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ፉርጎው በአንድ ጎኑ ያዘነብላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ የማያንቅ ጭስ ይለቀቃል። ከማብሰያ ክፍሉ በር ወዲያ፣ ተቀርጾ የተቀመጠ የወንድ ድምፅ «እርዱኝ! በሩ ተዘጋብኝ!» እያለ ይጮሃል። ያኔ ጋሽ ፉርጎ ፋኖስ ይዞ «አይዟችሁ፣ ተከተሉኝ» ይላል፤ እንግዶቹንም በኋላኛው በር ያወጣል። ከበሩ ወዲያ ባለው አዳራሽ ኬክና ወይን ይጠብቃቸዋል።

«ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ያ ባቡር ሲወድቅ ውስጡ እንደነበር ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም።

«ጥሩ ነው» አለ።

ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት። ድንች ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጥሩ ነው አልካቸው?»

«ሥራ ነው።»

«ሥራስ ሥራ ነው። አንተ ግን ሰው ነህ። አፍህን ምን ያዘው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፉን የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ለእሷም ነግሯት አያውቅም።

እቅዱ ሠመረ። ቤቱ እንደገና በሰው ተጨናነቀ። እንግዶቹ ፉርጎው ሲያዘነብል ይጮሃሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ጋሽ ፉርጎ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምሳና እራት ላይ፣ ፋኖሱን ይዞ ከጀርባው እየተጮኸ በኋላኛው በር ይወጣል። አንድ ሰው ወደ ማብሰያው በር ዞር ብሎ «ሰውየውስ?» ብሎ ጠየቀው አንድ ቀን፤ እየሳቀ ነው የጠየቀው። ጋሽ ፉርጎ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ «በዚህ በኩል ጌታዬ» አለው። በአምስተኛው ሳምንት ጩኸቱን ሲሰማ መንገዱ መሐል ቆሞ ወደ ማብሰያው በር ይዞር ጀመር። እንግዶቹ ትወናው መስሏቸው አጨበጨቡለት።

ጋሽ ፉርጎ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የሚሄድበት አንድ ቤት ነበረው፤ የቀጮ ሚስት ቤት። እሷ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። እሱ ሄዶ የሚያፈሰውን ቧንቧ ያጠብቃል፣ የወለቀ የወንበር እግር ይመታል፣ ትንሽ ተቀምጦ ይመለሳል። ስለዚያ ቀን የነገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ወዲያው ነው ያረፈው፣ አልተሠቃየም።» ለመርማሪዎቹም ያንኑ ነው ያለው።

በዚያ ወር ሲሄድ በሩን ከፈተችለትና ገና ሳይቀመጥ፣ «ፎቶህን አውቶቡስ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁት» አለችው። «ፋኖስ ይዘህ።»

«ልነግርሽ ነበር እትዬ…»

«ባቡሩ ይወድቃል አሉ፤ እውነት ነው?»

«ጨዋታ ነው።»

«እኔንም ጋብዘኝ።»

«ለአንቺ የሚሆን ቦታ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችው። «ዘጠኝ ዓመት ያቺን ደቂቃ በራሴ እየሣልኳት ነው የኖርኩት። ልብስ ስተኩስ እሥላታለሁ፣ ስተኛ እሥላታለሁ። ሌላው ሰው ከፍሎ የሚያየውን እኔ ሚስቱ ለምን እከለከላለሁ?»

ይህን ሰምቶ እንቢ የሚልበት አንጀት አጣ።

እሑድ ምሳ ላይ መጣች። ከማንጠልጠያው ሰፊ ጥቁር ካፖርት አለበሷት፤ ትከሻዋ ውስጡ ጠፋ። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቷን ወደ ማብሰያው በር አድርጋ ተቀመጠች። ሾርባውን ጨረሰች። ሥጋውን ግን ቆርጣ ቆርጣ ተወችው። መስኮቱ ላይ ስንዴው ያልፋል፣ እሷ አታየውም።

ብረቱ ተሰበረ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሰዉ ጮኸ። «እርዱኝ! በሩ ተዘጋብኝ!» አለ ድምፁ። ጋሽ ፉርጎ ፋኖሱን አነሣ፤ እንግዶቹን ከፊት ከፊት እየመራ አወጣቸው። አዳራሹ ውስጥ ኬኩ ሲታደል ቢቆጥራቸው አንድ ሰው ጎደለ። የት እንዳለች ያውቃል። ፋኖሱን እንደያዘ ተመለሰ።

ከቦታዋ አልተነሣችም። ፉርጎው እንዳዘነበለ ነው፤ በአንድ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች። የተቀረጸው ድምፅ አልቆ ፀጥ ብሏል።

«እንዲህ ነበር?» አለችው።

«አይደለም።»

«እንዴት ነበር?»

ፋኖሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፊቷ ተቀመጠ። እንግዳ ፊት ሲቀመጥ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

«ወዲያው አልሞተም» አላት። «የማብሰያው በር ታጥፎ ተቀርቅሮ ነበር። ምግብ በምናቀባበልባት ትንሽ መስኮት እጁን አወጣልኝ፤ ያዝኩት። በሌላው እጄ በሩን ስታገል ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጋዙ ተያያዘ። እሳቱ ከጀርባው ሲመጣ አየሁት፤ እሱም ፊቴ ላይ አየው መሰለኝ፣ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ለቀቅሁት እትዬ። እጁ አልከዳውም፤ እኔ ነኝ መንጭቄ የለቀቅሁት። በኋላኛው በር ወጣሁ።»

ከአዳራሹ የብርጭቆና የሳቅ ድምፅ ይመጣል።

«ስትለቀው ይናገር ነበር?»

«ይናገር ነበር።»

«ምን አለ?»

«‹አንተ› አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።»

ተነሣች። ካፖርቱን አውልቃ አጠፈችው፤ ተኳሽ ናትና እጇ ሳታስበው እጀታውን ከእጀታ ገጠመ። በገባችበት በር፣ በፊተኛው፣ ወጣች። አላለቀሰችም፤ አልሰደበችውም። ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ሄዶ አንኳኳ። በሩን ገርበብ አደረገችው እንጂ አልከፈተችውም።

«ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ብለህ የምትመጣ መስሎኝ ነበር» አለችው። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ለጎረቤቶቼ ‹ይኼን የመሰለ ወዳጅ ትቶልኝ ሄደ› እያልኩ እኩራራ ነበር። እሳት ነው፤ ማንም ይለቃል፤ እሱን አልፈርድብህም። ውሸቱን ግን በየወሩ ቤቴ ድረስ ይዘህልኝ ትመጣ ነበር። ከእንግዲህ አትምጣ።»

«እሺ እትዬ።»

ደረጃውን ሲወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ስትወጣ «አሞዎት ነው አባቴ?» አለችው። «ደኅና ነኝ፣ ዕረፍት ነው» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ።

ለሚስቱ ያን ዕለት ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ጫማውን አወለቀችለት፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋለት አታውቅም። «ለእኔ እንኳ» አለች፤ አልጨረሰችውም። በመካከላቸው የሆነ ነገር ቀዝቅዞ ቀረ። ዛሬስ የት ደረሳችሁ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ለምግብ ቤቱ ባለቤትም ነገራት። ፊቷ ነጣ። «ምነው ያን ጊዜ በነገሩኝ» አለች ደጋግማ፤ ከልቧ ነበር። የሚጮኸውን ድምፅ በማግሥቱ አስወጣችው። የቀረውን ግን ማስወጣት አልቻለችም፤ ቤቱ የቆመው በእሱ ነው። ጋሽ ፉርጎ ነጭ ኮቱን አጥቦ መለሰላት። ፋኖሱን አሁን የሚይዘው መልከ መልካም ተዋናይ ነው፤ የድምፁን መጥፋት ልብ ያለ እንግዳ የለም ይባላል።

ከሥራው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ፉርጎ ወደ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ሄደ። ሕንጻው ግማሹ ለሌላ ድርጅት ተከራይቷል፤ መዝገብ ቤቱ ወደ ምድር ቤት ወርዷል። መነጽር ያደረገ የመዝገብ ሠራተኛ የሚፈልገውን ጠየቀው።

«ስለ አደጋው የሰጠሁትን ቃል ላስተካክል ነው።»

ሠራተኛው ፋይሉን አስፈልጎ አገኘው፤ አቧራውን በእጁ ጠረገው። «ይኼ እኮ ተዘግቷል። ምርመራው ጥፋቱን የሐዲዱ ነው ብሎ ጨርሷል። እርስዎ ምን ቢሉ የሚለወጥ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ይጻፍልኝ ብቻ።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠው። ጋሽ ፉርጎ ጥግ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሰጠው። ሠራተኛው ሳያነበው ማኅተም መታበትና ከፋይሉ መጨረሻ አያይዞ ዘጋው።

«ሌላ ጉዳይ አለዎት?»

«የለኝም።»

ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። አውቶቡስ መጠበቂያው ጣራ ሥር ቆሞ ሁለት አውቶቡሶች አሳለፈ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ተሳፈረ።