የተሸነሸነው ደንገል

ይንገሩን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ኮሌጅ የምትማረዋ ሶሻሊዝም ትላለች፣ ሱቅ የከፈተው ነጻ ገበያ ይላል፤ ሲነታረኩ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ሲሰለቻቸው ወደኔ ዞሩ፤ "እምዬ፣ እርስዎ ያንንም ዘመን ይህንንም አይተዋል። የቱ ይሻላል?"

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደሏንም ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ሆኜ ነው የለቀምኋት። ስለ ዘመን ምን አውቃለሁ? ስለ ደንገል ከሆነ ግን ትንሽ አለኝ።

ቤታችን ባሕር ዳር ጫፍ፣ ሐይቁ አፍንጫ ላይ ነበር። ከደጃችን ወረድ ብሎ ደንገሉ ይጀምራል፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። የፈለገ ይቆርጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ታንኳ የሚሠራው በደንገሉ ነበር፤ ሙያውን ታናሹ ልጄ ወረሰው። ደንገሉ ውስጥ ነፋስ ሲገባ ሰዎች በሹክሹክታ የሚያወሩ ይመስለኛል። ጨው ልገዛ ወጥቼ ያን ሹክሹክታ ሰምቼ ስከተል፣ የውሃ አበባ ይዤ የምመለስበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ በጋ ዳሩን በአፈር ሞልቶ መዝናኛ ሊሠራ የፈለገ ሰው መጣ። ከተማ የሚነግደው ታላቁ ልጄ ጎረቤቱን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበ።

"እንካፈል" አለ። "የፈለገ ይሽጥ፣ የፈለገ ያቆይ። የጋራ የሚባል ነገር ጠባቂ የለውም።"

ታናሹ ተነሣ። "አንዱ ከሸጠ እኔ ታንኳ በምን ልሠራ ነው ጋሼ? በሲሚንቶ? ማኅበር እናቋቁምና አብረን እንያዘው። ድር ቢያብር..."

"አንበሳ ያስር ልትል ነው? እዚህ ሐይቅ ዳር አንበሳ አስረን ምን እናደርገዋለን?"

"ጉማሬውን እሰሩልን፣ ጎመኔን ጨረሰብኝ!" አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ሰዉ ሳቀ።

"ያንተ ገበያ የሚያውቀው ሻጭና ገዢ ነው። ቆራጩን አያውቀውም" አለ ታናሹ።

"ያንተ ማኅበር ደግሞ የሚያውቀው ስብሰባ ነው!"

ብዙው ሰው ወደ መካፈሉ አዘነበለ። ውሃው የሸሸበት ወራት ስለነበር ጭቃው ላይ ችካል ተከሉ፣ ሲባጎ ወጠሩ። የኔ ድርሻ በሁለቱ ልጆቼ ድርሻ መካከል ወደቀች። ገዢው የኔ ካልተጨመረ የታላቁን አልፈልግም አለ። ታናሹም የኔን ካጣ የእሱ ለአንድ ታንኳ እንኳ አይበቃውም።

"እማ፣ ከማን ጋር ነሽ?" አሉኝ ሁለቱም፣ በየተራ፣ አይኔን እያዩ።

አንዱን ጡት ሰጥቼ ሌላውን የነሳሁበት ቀን የለ። ነገ እነግራችኋለሁ አልኋቸውና በጀልባ ዘጌ ተሻገርሁ፣ እኅቴ ዘንድ። እዚያ ቡናው ጥላ ሥር ቀን ከቀን አይለይም። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባብኝ።

በተመለስሁ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ወደ ዳር ወረድሁ። ሐይቁ ሞልቷል። ነፋሱ ሌሊቱን ደንገሉን ከነሥሩ ከነጭቃው አላቆት ኖሯል፤ ችካሉ እንደቆመ፣ ሲባጎው እንደተወጠረ፣ ነጫጭ ወፎች ላዩ ላይ ተሰልፈው፣ ድርሻዬ ከልጆቼ ድርሻ ጋር ቀስ ብላ ተንሳፍፋ ትሄዳለች። እንቅልፌ ያልለቀቀኝ መሰለኝ። ደግሞም ያምር ነበር።

የምትሄደው ግን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ነው። እዚያ ከደረሰች አትመለስም።

ታላቁ ልጄ ዳር ዳሩን ይሮጣል። "ያዙት! የኔ ነው፣ ያዙት!"

"ሱዳን ሄደህ ተቀበለው!" አለው አንዱ ጎረቤት።

ታናሹ ታንኳውን ገፋ። ያ ጫማው ጭቃ ከነካው ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፈው ታላቁ ልጄ፣ ከነኮቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ታንኳው ላይ ተንጠለጠለ።

"ጋሼ፣ ቅዘፍ እንጂ አትደራደር!" ሲለው ሰማሁ።

ከዚያ ያ ያሾፈበት ጎረቤት፣ ከዚያ ሌላው፣ ታንኳ ያለው ሁሉ ተከተለ። ገመድ አስረው ጎተቱ። ግማሹን ዓባይ ወሰደው። የቀረውን ከቤታችን ዝቅ ብሎ ካለው ጥግ አደረሱት፤ ችካሉ ወድቆ፣ ሲባጎው ተወሳስቦ፣ የማን የት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ታላቁ ልጄ ኮቱን እየጨመቀ ብዙ አየው።

"አሁን ማን ምኑን ይሸጣል?" አለ።

"ሲደርቅ አንድ ታንኳ ይወጣዋል" አለው ወንድሙ። "ያንተን ኮት ማለቴ ነው።"

ተያይተው ሳቁ። ገዢው ሌላ ዳርቻ ፈልጎ ሄደ። ደንገሉ እዚያው ጥግ ሥር ሰደደ፤ ታናሹ ዛሬም ከዚያው ይቆርጣል። ክርክራቸው አላለቀም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይነሣል። እኔን ግን ከማን ጋር ነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልመለስሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘጌ፣ ጀልባ ስጠብቅ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ሰፈሬን ስነግራቸው ደንገሉን ጠየቁኝ። እኔ ራሱ የበቀለ፣ እግዜር ያበቀለው ነበር የሚመስለኝ። ለካ አልነበረም፤ እሳቸው ነገሩኝ። ማዕበሉ የሰፈራችን ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትን መንገድ ሲበላው፣ ቤት ተከራይታ የምትኖር አንዲት ጠላ ሻጭ ሥሩን ከዘጌ በጀርባዋ አዝላ አምጥታ ተክላው ነው። እሷም አገሯ ገብታ ሞተች። ችካል በተተከለ ጊዜ፣ ከእሷ ወገን ድርሻ የደረሰው አንድም ሰው አልነበረም።