የሰላም ዙር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኦስሎ፣ ስቶቭነር የገበያ ማዕከል ውስጥ የልጅነት ጓደኛዬን ሄኖክን አገኘሁት። ሰላምታ ሳንጨርስ ስልኩን አውጥቶ የአንድ የእግር ኳስ ካርድ ፎቶ አሳየኝ። ካርዱ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል፤ ከሥሩ የዋጋው መስመር ሽቅብ ይወጣል። "በየጠዋቱ ነው የማየው" አለኝ። ካርዱ ላይ ያለውን በረኛ ከነጎፈሬው ወዲያው አወቅኩት። ደሜ ፈላ።

ልጆች ሳለን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ እቁብ ይጥሉ ነበር። ክፍሉ በረዶ የቀለጠበት ካፖርትና የሻይ ቅመም ይሸታል። እኛም ከካፖርት መስቀያው ሥር ተሰብስበን የራሳችንን እቁብ አቋቋምን፤ በካርድ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ካርድ እንጥላለን፣ እጣው ከሱፍ ኮፍያ ውስጥ ይወጣል፣ የደረሰው ሁሉንም ይወስዳል። ዋጋ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አንዱን ካርድ የምንወደው ተጫዋቹ አስቂኝ ፊት ስላለው፣ ሌላውን ደግሞ ስሙ ሲጠራ ስለሚጣፍጥ ነው። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፤ የማትወደውን አትጣል።

ሰላም እጣ የማይወጣላት ልጅ ነበረች። እኛ ሁላችን በየተራ ስንበላ እሷ እየጣለች ጠበቀች፤ የመጨረሻው ዙር የእሷ ሆነ። የምትመኘው የሄኖክን በረኛ ነበር። "ፀጉሩ እንደኔ ማበጠሪያ ይሰብራል" ትል ነበር። ሄኖክም "ያ፣ ያ፣ እሺ፣ በአንቺ ቀን እጥለዋለሁ" ብሎ በሁላችን ፊት ቃል ገባላት።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ የካርድ ዋጋ የሚያሳይ አፕ ስልኩ ላይ ጫነለት። እሑድ ሲደርስ ሄኖክ ጫፉ የታጠፈ፣ ማንም የማያውቀው ተከላካይ ጣለ።

"በረኛውስ?" አለች ሰላም።

"ናይ፣ አይሆንም፣ እሱማ ተወደደ። ይኸው እዪው!"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ዋጋ እያዩ ደህና ደህናውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እኔ የያዝኩትን ጣልኩ፤ ግን አንድ ደህና ካርድ ብቻውን እቁብ አይሆንም።

የእናቶቹ እቁብ ዳኛ እትዬ አልማዝ ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። "አንተ ሄኖክ፣ በልተህ ስታበቃ ነው ዋጋ የምትጠይቀው? ስትበላ ለምን አልጠየቅክም?"

ልቤ በደስታ ዘለለ። ግን የሄኖክ እናት ከወዲያ "ተያቸው አልሙ፣ የልጆች ወረቀት ነው" ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። እትዬ አልማዝ ራሳቸው በመጨረሻ ሳቁ። ከእነሱ አንዷ እቁቧን በልታ ብትቀር ኖሮ ኦስሎ ትጠብባት ነበር!

ሰላም አላለቀሰችም። የተጣሉላትን ካርዶች ሰብስባ ጓንቷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ ምድር ቤት አልወረደችም፤ እናቷን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር የምትጠብቀው። እቁባችንም በዚያው ፈረሰ። አዲስ ካርድ ያገኘ ልጅ ሲመጣ፣ ከካርዱ በፊት ስልኩን ማየት ጀመርን።

ያኔ ካርዶቻችን የዳቦ ፍርፋሪና የኪስ ሽታ ነበራቸው፤ ጠርዛቸው ከመነካካት ብዛት ይላላጥ ነበር። የሄኖክን በረኛ ግን አሁን ሄኖክ ራሱ አይነካውም።

"ልሽጠው ወይስ ልቆይ?" አለኝ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ። "ገና የሚጨምር ይመስለኛል።"

"ሰላምን ጠይቃት" አልኩት።

"የቷን ሰላም?"

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። በየጠዋቱ ዋጋውን የሚያየው ሰው፣ ካርዱ የማን እንደሆነ ረስቶታል።