አንድ ጉንጭ ውሃ

ባሌ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የመጠበቅ ትዕግሥት አልፈጠረበትም። "ዛሬ ገበያ ሄጄ..." ስል፣ "ሽንኩርት ተወደደ አይደል?" ብሎ ይቀማኛል። ልነግረው የነበረው ግን የቤቱ ቁልፍ እንደጠፋብኝ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ለእሱ የጀመርኩትን ወሬ በሰላም ጨርሼ አላውቅም።

ሥራው የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው። ከጣሪያ ጣሪያ ሲንጠላጠል ኖሮ ወገቡ እምቢ አለ። አለቃው "የኔትወርክ ሰርተፊኬት ካመጣህ ቢሮ ተቀምጠህ ትሠራለህ፣ ካላመጣህ ያው መሰላልህ" አለው። ስልኩ ላይ የመለማመጃ ፈተና ጭኖ ያንኑ ደጋግሞ ሠራ። መቶ ከመቶ አገኘሁ እያለ ጎረቤቱን በጉራ አደነቆረ። ዋናው ፈተና ላይ ግን ወደቀ።

"ጥያቄዎቹን ቀያይረዋቸዋል!" አለ፣ እንደተበደለ ሰው።

ብሽቅ ብዬ ስልኩን ነጠቅኩትና ያላየውን አዲስ መለማመጃ ከፍቼ አነብለት ጀመር።

"የአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ድረ ገጽ አልከፍት አለ..."

"ኬብሉን መፈተሽ!"

"አልጨረስኩም! የድረ ገጹን ስም ሲጽፍ እምቢ ይላል፣ የቁጥር አድራሻውን ሲጽፍ ግን ይከፍታል።"

ራሱን አከከ። ኬብሉማ ቢበጠስ በቁጥሩም አይከፍትም ነበር። "ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሰርቨር ነዋ የተበላሸው" አለ ቀስ ብሎ። ለካ ያውቀዋል! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ላነብለት ስል አንድ ጉንጭ ውሃ አስጎነጨዋለሁ። መዋጥ የሚፈቀድለት አንብቤ ስጨርስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስልኩንም እኔንም አጠበን።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልታንቂኝ ነው?"

"መሰላልህን ላውጣልህ?" አልኩት። ተመልሶ ጎነጨ።

የድጋሚ ፈተናው ቀን ውሃ ይዞ መግባት ከለከሉት። እሱም ጥያቄውን አንብቦ እስኪጨርስ ከንፈሩን ግጥም እያደረገ ሠራ። ፈታኟ አዝናለት "ጥርስዎን አመመዎት እንዴ?" አለችው።

አልፎ መጣ። ውጤቱን በር ላይ ሲያሳየኝ አለቀስኩ፤ ያ ወገቡ ነው ያስለቀሰኝ። እንባዬን ጠራርጌ "ስማ፣ እኔ ደግሞ..." ብዬ ጀመርኩና እንደ ልማዱ እስኪቀማኝ ቆም አልኩ። አልቀማኝም። ውሃ እንደጎነጨ ሰው ጉንጩን ነፋ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ።

መጨረስ ለምጄ አላውቅምና ልለው የነበረው ጠፋብኝ። እሱ ግን ገና አልዋጠም።