ወንድሜ ያስቀረብኝ የሐኪም ቃል

ከጉና ሥር ገብስና ድንች እያረስኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ከጊዜ በኋላ እግሮቼ ስለደነዘዙ እሾህ ቢወጋኝ የማውቀው ደሙን ሳይ ነው። ገብሱ በደረሰበት ሰሞን ቀኝ እግሬ አበጠ፤ ቀላ፤ በእጄ ስነካው ከግራው ይልቅ ይሞቃል። ስላላመመኝ ናቅሁት። ለታላቅ ወንድሜ የደወለችለት ሚስቴ ናት።

ወንድሜ ደብረ ታቦር የቢሮ ሠራተኛ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ አሳድጎ የዳረኝ እሱ ነው። ጋሼ፣ አንቱ እያልኩት ኖሬአለሁ። እርሻው የጋራችን ነበር፤ ዘርና ማዳበሪያ ከእሱ፣ ጉልበት ከእኔ፣ ምርቱ እኩል።

ከተማ ስደርስ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ እግሬን ዳስሶ ራጅ አዘዘ። ውጤቱን ይዞ የገባው ወንድሜ ነው፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

"ነርቩ ስለደከመ መገጣጠሚያው ተጎድቷል" አለኝ ሲወጣ። "የአጥንት ኪኒን አዞልሃል። በሳምንት አንድ ጊዜ በባዶ ሆድ በውኃ ትውጣለህ፤ ወዲያው እንዳትተኛ።"

"ሥራስ፣ ጋሼ?"

"ሥራህን ሥራ።"

እሑድ ቅዳሴ ነውና ማክሰኞን ለኪኒኑ ለየሁ። እውጥና መደብ ላይ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ማጭዴን ይዤ እወርዳለሁ። ስላላመመኝ መድኃኒቱ የሠራ መሰለኝ።

ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ የውስጥ እግሬ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ አጥንቱ ወደ ታች ገፍቶ ቆዳውን ቀደደው። ይህን ጊዜ ከሚስቴ ጋር ሄድኩ።

"ጄሶው የታለ?" አለ ሐኪሙ።

"የምን ጄሶ?"

"ለወንድምዎ ነግሬያቸው ነበር። ዋናው ሕክምና ጄሶ ነው፤ እግሩ መሬት መርገጥ አልነበረበትም። ኪኒኑ ምናልባት ቢያግዝ ብዬ ነው እንጂ ለብቻው አያድንም፤ መጥቀሙም እርግጥ አይደለም። 'አሳምኜው ነገ ይዤው እመጣለሁ' ብለውኝ ሄዱ።"

ወንድሜ አልጋ መያዜን ሰምቶ መጣ። ሐኪሙ ያለውን ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ፣ "እህሉ ሜዳ ላይ ነበር። በረዶ ቢመታው ባዶ እጃችንን እንቀር ነበር። ደግሞ አላመመህም" አለኝ።

"ለምን ደበቅኸኝ?"

አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ልብ ብሎታል።

"ለክፋት አይደለም" አለ።

ቢነግረኝ ኖሮ ጎረቤቶቼ ገብሱን በደቦ ያነሱልኝ ነበር። በኋላ ወራት ሙሉ በጄሶ ተኝቼ ሳለ፣ ማንም ሳይለምናቸው ማሳዬን ያረሱት እነሱ ናቸው። ይህን እሱም ያውቅ ነበር፤ ከእኛው ሰፈር ነው የወጣው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ቁስሉ ደረቀ፤ እግሬ ግን እንደተጣመመ ቀረ። ኪኒኑን ሐኪሙ ራሱ አቋረጠው። አሁን ሰፊ ጫማ አድርጌ በምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ቁልቁለት አልደፍርም። እርሻውን ተካፈልን፤ ድርሻዬን ጎረቤቴ በእኩል ያርሰዋል።

ወንድሜ ሽማግሌ ልኮ ታርቀናል። ቤቱ እገባለሁ፣ እበላለሁ፤ ልጆቹም ይወዱኛል። ንስሐ አባቴ ግን "ከልብህ ነው ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ "ቤቱ እገባለሁ፣ እበላለሁ" ብቻ አልኳቸው።