የሚያፏጭ አፍንጫ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዙሌይካን የሚያውቃት አልነበረም፤ ሙስዓብን የማያውቅ ግን አልነበረም። ወንድ ነው ተብላ ተወልዳ፣ በሙስዓብ ስም አድጋ፣ በሃያ ዓመቷ አገር ጥላ ወጣች። በሰው አገር ሴትነቷን በይፋ ኖረች፤ ሰፊውን የአባቷን አፍንጫም በቀዶ ጥገና አስጠበበች። ሐኪሙ መልኩን አሳምሮ ትንፋሹን ረሳው! አየር ስትስብ የግራው ቀዳዳ ይጣበቃል፣ የቀኙ ያፏጫል። ቢሆንም መስተዋት ስታይ ደስ ይላታል፤ አንድም ቀን አልተጸጸተችም።

አክስቷ መስኡዳ ብትታመምባት በኒቃብ ተሸፍና ተመለሰች። ምስጢሩን የምታውቀው መስኡዳ ብቻ ስለነበረች ለጎረቤት «የባሌ ዘመድ ናት» አለች።

ሁለት ወር እንደቆየች፣ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ፣ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። አንድ ረፋድ ታጣቂዎች ቤት ለቤት መፈተሽ ሲጀምሩ መስኡዳ ዙሌይካንና ጎረቤቷን ማናዬን ጓዳ ካለው የማሽላ ጎታ ጀርባ ሸሸገቻቸው። ከአገሩ ሴት ሁሉ ማናዬ! ከሙስዓብ ጋር ሐይቁ ውስጥ እየዋኘች ያደገችው።

የጫማ ኮቴ ተሰማ። የዙሌይካ አፍንጫ ማፏጨት ጀመረ። በአፏ እንዳትተነፍስ የጎታው አቧራ ያስላታል።

«በማርያም፣ ዝም በይ! ልታስጨርሺን ነው?» አለች ማናዬ በሹክሹክታ።

ዘዴ አላት። ጉንጯን በጣቷ ወደ ጆሮዋ ከሳበችው ቀዳዳው ይከፈታል፣ ፉጨቱም ይጠፋል። በኒቃቡ ላይ ሞከረች፤ በላብ የራሰው ጨርቅ አንሸራተታት። ኮቴው ጓዳ ገባ። ምን ታድርግ? ኒቃቡን ገለጠችና ጉንጯን ሳበች።

ፉጨቱ ቆመ። ማናዬ ግን በግድግዳው ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን አየቻት፤ አብረው ከታንኳ የወደቁ ዕለት የተረፈውን የአገጭ ጠባሳ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዙሌይካ «አሁን ሙስዓብ ብላ ልትጠራኝ ነው» ብላ ፈራች።

አንዱ ታጣቂ ጎታውን በእርግጫ መታው። ጎታው ሲገፋት የዙሌይካ ጣት ከጉንጯ ላይ ተንሸራተተ። ይኼኔ ማናዬ እጇን ዘርግታ የዙሌይካን ጉንጭ ራሷ ሳበችው፤ ኮቴው ከግቢው እስኪወጣ ድረስም አልለቀቀችውም።

«ሄደዋል፣ አልሐምዱሊላህ» አለች መስኡዳ ከወዲያ።

ማናዬ ከዚያም በኋላ እጇን አላወረደችም።

«ስንት ዓመት ሆነሽ እንዲህ መተንፈስ ከጀመርሽ?»

«አራት።»

«እኔስ ሞተሻል ብዬ አልቅሼልሽ ነበር» አለች ማናዬ እንባዋ እየወረደ፤ «ለካ ሁለት ወር ሙሉ በደጄ ስታልፊ ነበር!»