ካውያና የቤቱ ማንኪያዎች

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ምን ያህል ይመዝናል? ጥያቄው ከመጻሕፍት መደርደሪያ የወረደ ይመስላል። ሥራው በየዕለቱ ለሚፈርስበት ሰው ግን የዘወትር ጥያቄ ነው። ካውያ ጠዋት ተኩሳ ያጠፈችውን አንሶላ ማታ እንግዳ ተኝቶበት ያጨማድደዋል፤ በማግስቱ ታጥቦ ተመልሶ እጇ ላይ ይወድቃል። ዕድሜዋ ያለቀው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ እንፋሎት ውስጥ ነው።

ካውያ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ግማሹ ስለ ሥራዋ፣ ግማሹ ስለ ጠባይዋ ነው፤ ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ አትበርድም። ስለ አንሶላው ተናድዳ አታውቅም። የሚያንጨረጭራት ተነግሮት የማይሰማ ሰው ነበር።

ሴት ልጇ ሚጡ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ያዛት። ካውያ ጡጦ ልታጥብ ወጥ ቤት ገብታ ስትመለስ ልጅቷ ዓይኗ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መላ አካላቷ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሯ ጠቁሯል። የባሏ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ አብረዋቸው ነበር የሚኖሩት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ወንድማቸውን አሳድገው ለወግ ያበቁት እሳቸው ናቸው፤ እዚያ ቤት እትዬ ሲቆሙ የሚቀመጥ አልነበረም። ከጠረጴዛው ላይ ማንኪያ አንስተው በልጅቷ ጥርሶች መካከል ሰነቀሩት።

«ምላሷን ልትውጥ ነው፣ እግሯን ጠበቅ አድርጊና ያዢ» አሉ።

ያዘች። ሲያልፍላት ሚጡ እንቅልፍ ወሰዳት። ማንኪያው ላይ ደምና የወተት ጥርስ ስባሪ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያዩዋት ነርስ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው የሻከረ ሰው ነበሩ።

«የትኩሳት መንቀጥቀጥ ነው፣ ልጄ። ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ አብዛኞቹን ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ምላስ አይዋጥም። ከያዛት በጎኗ አስተኛትና ሰዓትሽን እዪ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሳትውዪ ሳታድሪ አምጫት፤ ቶሎ ካለፈላትም ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ እንድናይ ይዘሻት ነይ። አፏ ውስጥ ምንም ነገር አይገባም። ጨምድዳችሁ አትያዟት። ከዚያ ውጭ ምንም አታድርጉ።» ቀና አሉ። «ጥርሷን ማን ሰበረው?»

«ፍቅር» አለች ካውያ።

እትዬ ማታ ቤት ውስጥ የነርሱን ምክር ሲሰሙ ሳቁ። «ምንም አታድርጉ አለ? ደሞዙን የሚበላው ምንም ላለማድረግ ነዋ።»

ካውያ በማግስቱ የቤቱን ማንኪያ በሙሉ ለቃቅማ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሥራ ሄደች። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ ደክሞት ሲገባ ሾርባው ቀርቦ ማንኪያ የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ በምን ልብላው?»

«በአፍህ።»

ሆቴሉ በር ላይ ሠራተኛ ሲወጣ ቦርሳው ይፈተሻል። ጥበቃው ማንኪያዎቹን ሲያገኝ ወደ ምግብ ቤቱ ቀና ብሎ አየ፣ እሷንም አየ። ካውያ አንዱን አንስታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «እንዲህ በተጣመመ ማንኪያ እንግዳ ታስተናግዳላችሁ?» ከኋላ የተሰለፉት ባልደረቦቿ ሳቁባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ካውያ፣ ቤትሽን ተሸክመሽ መጣሽ?» የማይላት አልነበረም። ስድቡን ዋጠችው። እሷ የምትፈራው ሌላ ነው፤ እቤት የተወቻትን ልጅ ትኩሳቱ ሳይሆን የሚወዷት እጆች እንዳይሰብሯት።

መንቀጥቀጡ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው እሷ ሥራ ላይ ሳለች ነው። እትዬ ማንኪያ ቢያጡ ጣታቸውን ሰጡ። ካውያ ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ የእትዬን ጣት ከቦ ያክማል። ሚጡ ጥግ ላይ፣ በጀርባዋ፣ ብቻዋን ተኝታለች።

«እዪው እስቲ፣ እንዴት አድርጋ እንደነከሰችኝ» አሉ እትዬ።

«ይማርዎት። አፏ ውስጥ ይክተቱ ያለዎት ማነው?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልያት? ድንጋይ ነኝ?»

«ለአምስት ደቂቃ ድንጋይ ይሁኑልኝ፣ እትዬ።»

እትዬ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ንዴቱን መራራ ያደረገውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ በር ይዘጋባቸው ነበር። የሚወዱት ሲሰቃይ ተቀምጦ ማየት እጅን ያሳክካል፤ እጅም የራሱን ጭንቀት ለማስታገስ ያገኘውን ያነሳል፣ ስሙንም እርዳታ ይለዋል። ስንቱ በዚህ ዓይነት እርዳታ ተሰብሯል።

በዚያው ሳምንት ካውያ ቤተሰቡን ሰበሰበች። አንድ ትራስ የሚጡን ሹራብ አልብሳ ምንጣፉ ላይ አጋደመችው። «ይቺ ሚጡ ናት። አሁን ያዛት» አለች። እትዬ ትራሱን በጎኑ አዞሩት፣ በርጩማውን ገለል አደረጉ፣ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንዲት ነገር አልሳቱም። ባሏም ተራው ሲደርስ እንደዚያው አደረገ።

«ተመረቅን፤ በይ አሁን ማንኪያችንን መልሽልን» አላት።

ካውያ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ማንኪያዎቹንም መለሰች። ሞኝነቷ ይህ ነበር፤ ትራስ ከንፈሩ እንደማይጠቁር ዘነጋችው።

ሦስተኛው ጊዜ እሷ እዚያው ነበረች። ልጅቷን በጎኗ አስተኛች፣ ዓይኗን ሰዓቱ ላይ ተከለች።

«ይኸው፣ እንደ ትራሱ ነው። ቁጭ በሉ።»

«ከንፈሯ ጠቆረ» አሉ እትዬ፣ ከመቀመጫቸው እየተነሱ።

«ይጠቁራል። ገና ሁለት ደቂቃ ነው። ይቀመጡ።»

ባሏ ግን ክፍሉ ጠቦት ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። «ይሄ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ እያየ ልጄ ትሙት?» አለና ልጅቷን ከእጇ ሥር መንጭቆ፣ አቅፏት በሩን በርግዶ ወጣ። የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ያኔውኑ ተወልውሎ እርጥብ ነበር። ካውያ ከኋላው ስትደርስ ሁለቱም ከደረጃው ግርጌ ወድቀዋል፤ የልጅቷ መንቀጥቀጥ ቆሟል፣ የምትጮኸው ግን በሌላ ድምፅ ነው።

ከእትዬ ጋር ጤና ጣቢያ ሲደርሱ እኚያው ነርስ ልጅቷን መረመሯት፣ ራጅም አስነሷት። «መንቀጥቀጡ ምንም አላደረጋትም። የትከሻዋ አጥንት ግን ተሰብሯል» አሉ።

«ላድናት ብዬ ነው» አለ ባሏ።

ትከሻዋ ታስሮላት፣ ሚጡ በካውያ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ካውያ መጮህ ፈልጋ ነበር፤ ልጅቷ እንዳትነቃ ፈርታ ቁጣዋን በጥርሷ ያዘችው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በዚያ ለስላሳ ድምፅ ሰው ለምና አታውቅም።

«አሁን ተኝታለች። እባካችሁ፣ አጠገቤ ቁጭ በሉ። ምንም አታድርጉ።»

ባሏ ውሃ ልግዛ ብሎ ወጣ። እትዬ ልጅቷን በርዷታል ብለው የራሳቸውን ሹራብ አወለቁ፤ እጅጌውን በታሰረው ትከሻ በኩል ያለብሷት ጀመር።